የሶፍትዌር ማከማቻ ሲዘጋ አድራሻው ብቻውን ዋስትና አይሆንም

ምንጫቸው ክፍት የሆኑ ሶፍትዌሮችን የሚጠቀሙ መሥሪያ ቤቶች የኮዱን መገኛ በጨረታ ሰነድ፣ በርክክብ ሰነድና በአጠቃቀም መመሪያ ላይ ይመዘግባሉ። የሚመዘገበው በአብዛኛው የኮድ ማከማቻ ተብለው ከሚታወቁት ድረ ገጾች የአንዱ አድራሻ ነው። ይሁን እንጂ አድራሻው የማከማቻው እንጂ የሶፍትዌሩ ባለመሆኑ፣ ማከማቻው ሲዘጋ ወይም ሶፍትዌሩ ወደ ሌላ ሲዛወር በሰነዱ ላይ የሰፈረው ጥቆማ ዋጋ ያጣል።

ለዚህም በርካታ ማስረጃዎች አሉ። ጉግል እ.ኤ.አ በ2006 የከፈተውን ጉግል ኮድ የተሰኘ ማከማቻ በ2016 ዘግቶታል። ጊቶሪየስ በ2015፣ የማይክሮሶፍት ንብረት የነበረው ኮድፕሌክስ ደግሞ በ2017 ተዘግተዋል። ጎ በተሰኘው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፉ ሶፍትዌሮች የሌሎችን ኮድ የሚጠሩት በማከማቻው አድራሻ በመሆኑ፣ ጉግል ኮድ ሲዘጋ ባለሙያዎች አድራሻውን በየፋይሉ ለመለወጥ ተገደዋል።

በአገራችን የጤና መረጃ ለማሰባሰብ የሚያገለግለው ዲ ኤች አይ ኤስ 2 የተሰኘው ሶፍትዌርም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት የሚዘጋጀው የዚህ ሶፍትዌር ኮድ ቀደም ሲል በላውንችፓድ ይገኝ የነበረ ሲሆን፣ በኋላ ወደ ጊትሃብ ተዛውሯል። በመሆኑም የቀድሞውን አድራሻ ብቻ የያዘ ባለሙያ ወቅታዊውን ኮድ ላያገኝ ይችላል።

ከአንዱ ማከማቻ ወደ ሌላው ሲጠቆምም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአንድ ማከማቻ ውስጥ አንድን የብልሽት ሪፖርት በቁጥሩ ብቻ መጥቀስ ቢቻልም፣ ያው ቁጥር በሌላው ማከማቻ ትርጉም አይኖረውም። ስለዚህ ሙሉ አድራሻው መጻፍ ይኖርበታል።

መፍትሔው ከአድራሻው ጎን ለጎን የሶፍትዌሩን ስም፣ የእትሙን ቁጥርና የፈቃዱን ዓይነት መመዝገብ ነው። ጊት የተባለው የኮድ መቆጣጠሪያ ከይዘቱ አስልቶ ለእያንዳንዱ ለውጥ የሚሰጠው፣ በተለምዶ 40 ፊደላትና አኃዞች ያሉት መለያም መካተት አለበት። ኮዱ ከነታሪኩ ወደ ሌላ ማከማቻ ቢዛወር ይህ መለያ አይለወጥም።

ሶፍትዌር ሄሪቴጅ የተሰኘውና ኢንሪያ በተባለው የፈረንሳይ የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ በ2016 ይፋ የተደረገው ቤተ መዛግብት ከተለያዩ ማከማቻዎች የሚሰበስበውን ኮድ በተመሳሳይ መለያ ይመዘግባል። የመለያው አሠራርም በ2025 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ጸድቋል።

አንድ ደብዳቤ መዝገብ ቤቱ ቢዛወርም በቁጥሩና በቀኑ ተፈልጎ ይገኛል። ሶፍትዌርም በዚሁ አኳኋን ሊመዘገብ ይገባል። ከሁሉም በላይ ግን መሥሪያ ቤቱ የሚገለገልበትን ኮድ ሙሉ ቅጂ በራሱ ኮምፒዩተር ማስቀመጡ አስተማማኝ ዋስትና ይሆናል።