ጊፋታና መስቀል በአንድ ሳምንት

መስከረም ሲጋመስ ወላይታ ላይ ሁለት በዓል ይደራረባል፤ መስቀልና ጊፋታ። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ ሰንጋው ያው፣ ቅቤው ያው፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሶዶ የሚጎርፈው መንገደኛ ያው። «ጊፋታ ማለት የወላይታ መስቀል ነው» የሚባለውም ለዚህ ነው። አባባሉ ለአፍ ይቀናል እንጂ የቀን አቆጣጠሩን ላጤነ ሰው አይጸናም። መስቀል ቀኑን አይለቅም፤ ማክሰኞም ይዋል ቅዳሜ መስከረም 17 ነው። ጊፋታ ግን የሚጠብቀው እሁድን ነው። ዘወትር በሚነገረው ደንብ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባሉት ቀናት መካከል የሚገኘው እሁድ ጊፋታ ይሆናል። የሰባቱ ቀን እምብርት ራሱ 17 ስለሆነ ጊፋታ ከመስቀል ቢርቅ ቢርቅ ሦስት ቀን ነው። በ2013 መስከረም 17 እሁድ ነበርና በደንቡ መሠረት ሁለቱ ገጠሙ፤ በማግስቱ ዓመት መስቀል ሰኞ ሲውል እሁዱ ከደመራ ጋር ተገናኘ። በ2019ም መስቀል የሚውለው እሁድ ነው።

«17ን መሐል ማድረጉ ራሱ ጊፋታ ከመስቀል መቀዳቱን አያሳይም ወይ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የወላይታ ሽማግሌዎች ዘመን የሚቆጥሩት ጨረቃን እያዩ ነበር፤ የጨረቃ ወር ደግሞ በራሱ መስከረም ላይ ተተክሎ አይቀርም። ስለዚህ የዛሬው ደንብ ከቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ጋር ተስማምቶ የቆመ መሆኑን መቀበል አይከብደኝም። ቀን መጋራት ግን ትርጉም መጋራት አይደለም። መስቀል ንግሥት እሌኒ መስቀሉን ያገኘችበት መታሰቢያ ነው፤ ጊፋታ ደግሞ ዘመን የሚለወጥበት ነው፤ ስሙም መጀመሪያ፣ በኩር የሚል ትርጉም አለው። ሁለቱን ያቀራረባቸው ከሁሉ በፊት ወቅቱ ይመስለኛል፤ ክረምቱ ወጥቷል፣ ሣሩ ጠግቧል፣ ላሟም ታልባለች። የሐዲያ ያሆዴና የጋሞ ዮ መስቀላም በዚሁ ሰሞን ነው።

ዝግጅቱን ቀረብ ብሎ ላየ ልዩነቱ ይጎላል። የወላይታ ሴቶች ቅቤን እንደ እቁብ እየተሰበሰቡ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቅማሉ፤ ወንዶቹም ሰንጋ ገዝተው ቅርጫ ለመግባት ገንዘብ ያዋጣሉ። ያ ቅቤ የሚፈሰው ከእንሰት በሚሠራው ሙቹዋ ላይ ነው፤ ሥጋው በዳጣ ይበላል። ዳጣ የሚያቃጥል መሆኑን ለእንግዳ አስቀድሞ መንገር ደግ ነው። ዓመት ሙሉ የታሰበበት ድግስ የአንድ ቀን የቤተ ክርስቲያን በዓል ቅጥያ ነው ማለት ይከብዳል።

ሌላው ተቃውሞ የሚመጣው ከሃይማኖት ነው። ሚሲዮናውያን በ1920 ሶዶ ከገቡ ወዲህ ወንጌላዊው እምነት ሰፍቶ በ1999ኙ ቆጠራ ከዞኑ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ፕሮቴስታንት ሆኗል፤ ከአማኞቹም ጊፋታን የአሮጌ እምነት ቅሪት አድርገው የሚጠረጥሩ አሉ። ይሁን እንጂ ደመራ የማይለኩሰው ፕሮቴስታንት ከኦርቶዶክሱ ጎረቤቱ ጋር ዮ ዮ ጊፋታ ሊባባል የሚችለው ጊፋታ የዘመን መለወጫ ስለሆነ ነው። መስቀል ብቻ ነው ካልን ግማሹን ሕዝብ ከበዓሉ ደጅ አስወጣነው ማለት ነው።

ጊፋታን ያደበዘዘው ምናልባት የራሱ እሁድነት ይሆናል። መስቀል የአገሪቱ ሕዝባዊ በዓል ስለሆነ መሥሪያ ቤት ይዘጋለታል፤ ጊፋታ ግን እሁድ ስለሚውል ከማንም የሥራ ቀን አይጠይቅም። ግድግዳ ላይ በሚሰቀለው የቀን መቁጠሪያ 17 በቀይ ይታተማል፤ እሁዱ ግን ጊፋታ ዋለበትም አልዋለበትም ድሮውንም ቀይ ነው።