የዶሮ ቤትና የመዋያ አጥር ከነፋስና ከዝናብ የሚጠበቅበት ዘዴ

በድርቅ ምክንያት ቀዬውን ለቆ በአዲስ መንደር የሚሠፍር ቤተሰብ፣ የሞቱበትን በሬና ላም ለመተካት ዓመታት ሊፈጅበት እንደሚችል የታወቀ ነው። ዶሮ ግን በጥቂት ገንዘብ የምትገዛ፣ በጥቂት ጥሬ የምትኖር፣ እንቁላሏንም ታቅፋ በ21 ቀን የምትፈለፍል በመሆኗ፣ ከሁሉ ቀድማ በደጃፍ የምትታይ ሀብት ናት። ከእንቁላሏ ሕፃናት ይመገባሉ፤ ከሽያጯም ጨውና ሳሙና ይገዛል። ይህ ሀብት የሚጠፋው ግን በአውሬና በበሽታ ብቻ አይደለም። የአንድ ሌሊት ወጀብ ጫጩቶቹን በሙሉ ሊጨርስ ይችላል።

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ጋምቤላና መተከል የተወሰደው ሕዝብ ወደ 600,000 ይገመታል። ከእነዚህም መካከል ያለፈቃዳቸው የሄዱና በአዲሱ ሥፍራ በበሽታ ያለቁ ብዙዎች ነበሩ። የተረፉትም ከደጋ ይዘውት የመጡት የአኗኗር ልማድ ሁሉ በቆላው ምድር እንደማይሠራ በችግር ተምረዋል። ለምሳሌ በመተከል የምትገኘው ፓዌ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,000 ሜትር ጥቂት ከፍ የምትል ሞቃት ሥፍራ ስትሆን፣ ዝናቧም ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይበረታል። እንዲህ ባለው አገር የዶሮ ቤት ዝናብን የሚከለክል፣ አየርን ግን የማይከለክል መሆን አለበት።

ርጥበት ዶሮን የሚጎዳበት ምክንያት ግልጽ ነው። ላባ ሙቀትን የሚጠብቀው በመካከሉ አየር ስለሚይዝ ነው፤ ሲረጥብ ግን አየሩ ይወጣና ነፋሱ የሰውነቷን ሙቀት ይወስዳል። ጫጩት ደግሞ ላባ እስክታወጣ ድረስ ለስላሳ ጠጉር ብቻ ስላላት፣ በመጀመሪያዎቹ አራትና አምስት ሳምንታት ከእናቷ ሙቀት ውጭ ብርድን አትቋቋምም። በተጨማሪም የረጠበ ጉዝጓዝ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ለሚያመጣው ኮክሲዲዮሲስ መራቢያ ይሆናል። ፈንግል የተባለው በሽታ ግን በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ፣ ቤት ማሳመር ብቻውን አያድንም፤ ክትባት ያስፈልገዋል።

ቤቱ የሚሠራበት ቦታ ጥቂት ተዳፋትነት ያለው እንጂ ውኃ የሚተኛበት ጎድጓዳ መሆን የለበትም። ወጀቡ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ከዝናብ በኋላ የመኖሪያ ቤቱን ግድግዳዎች መመልከት ይበቃል፤ አብዝቶ የረጠበው ወገን የነፋሱን አቅጣጫ ያሳያል። የዶሮ ቤቱ ጀርባ ወደዚያው፣ በሩም በተቃራኒው ይሁን። ከላይ በኩል አንድ ስንዝር ጥልቀት ያለው ቦይ ቢቆፈር ጎርፉን ያዞራል።

ወለሉን በእንጨት ላይ ከመሬት 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ማንሳት ይጠቅማል። ነፋስ የሚመታው ግድግዳ በጭድ በተቦካ ጭቃ ይመረግ። በተቃራኒው በኩል ግን ከጣራው ሥር ሸለምጥማጥ የማያሳልፍ የቀርከሃ ፍርግርግ ይተውለት። የሣር ክዳኑ ውኃ ፈጥኖ እንዲወርድ ቀጥ ያለ፣ ክፈፉም ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ክንድ የወጣ ይሁን። ነፋስ ጣራውን እንዳይነቅለው ወራጆቹ ከምሰሶዎቹ ጋር በጠፍር ይታሰሩ።

ዶሮዎች ቀን የሚውሉበትን አጥር በተመለከተ፣ ብዙዎች ሙሉ በሙሉ በላስቲክ መሸፈን ይሻላል ብለው ያስባሉ። ነገር ግን ላስቲክ ሙቀት ያምቃል፤ ነፋስም ነፍቶ ይቀደዋል። ድፍን ግድግዳም ቢሆን ነፋሱ በላዩ ዘሎ ከጀርባው እንዲሽከረከር ያደርገዋል። ጥቂት ክፍተት ያለው የቀርከሃ ጥልፍ አጥር ግን የነፋሱን ኃይል ይሰብራል፤ ከቁመቱ አሥር እጥፍ እስከሚሆን ርቀት ድረስም ያለዝበዋል። ከግቢው ሲሶ የሚሆነው በክዳን ይሸፈን። መኖውና የውኃው ዕቃ ከሥሩ ይቀመጡ፤ ዶሮዎቹ ተንከባለው ቅማል የሚያራግፉበት ደረቅ አፈርና አመድም እዚያው ይደረግ።

ጉዝጓዙ በየጊዜው ሊፈተሽ ይገባል። እፍኝ ወስዶ ሲጨብጡት ተጣብቆ ከቀረ ረጥቧልና ይቀየር። ጎንበስ ሲሉ ዓይን የሚቆጠቁጥ ሽታ ካለም አየር መግቢያው አንሷል ማለት ነው። በዝናብ የራሰች ጫጩት ብትገኝ በጨርቅ አድርቆ፣ ከምድጃ ራቅ አድርጎ አሙቆ፣ ወደ እናቷ መመለስ ያስፈልጋል።

ለዚህ ሁሉ የሚፈለገው ቀርከሃ፣ ሣር፣ ጭቃና የቤተሰብ ጉልበት ነው። ሥራው ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው ሚያዝያ ሳያልቅ ቢጠናቀቅ፣ የግንቦት የመጀመሪያው ወጀብ ሲመጣ ጫጩቶቹ ከነእናታቸው በደረቅ ጉዝጓዝ ላይ ያድራሉ።