የአሽከርካሪን የሥራ ሰዓት በቅጽበት የሚያሳዩ መሣሪያዎች ምን ያህል ይታመናሉ?

የእርዳታ እህል ወደብ ደረሰ ማለት ለተቸገረው ሕዝብ ደረሰ ማለት አይደለም። ወደቡን ከማከፋፈያ ጣቢያው ጋር የሚያገናኘው የጭነት መኪና ሲሆን፣ መኪናውን የሚያንቀሳቅሰው ደግሞ ድካምና እንቅልፍ የሚፈራረቁበት ሰው ነው። ስለሆነም በብዙ አገሮች አሽከርካሪ በቀን የሚነዳበት ጊዜ በሕግ ተወስኗል። ዛሬ የስምሪት ኃላፊዎች ይህን ጊዜ ከቢሮ ሳይወጡ በኮምፒዩተር የሚከታተሉባቸው መሣሪያዎች ተስፋፍተዋል። ይሁን እንጂ በስክሪኑ ላይ የሚታየው አኃዝ በመንገድ ላይ ካለው እውነታ ጋር ሁልጊዜ እንደማይገጥም መገንዘብ ያስፈልጋል።

በአሜሪካ መደበኛ ደንብ መሠረት ጭነት የሚያመላልስ አሽከርካሪ 10 ተከታታይ ሰዓት ካረፈ በኋላ ቢበዛ 11 ሰዓት መንዳት ይችላል፤ ይኸውም ሥራ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ በሚቆጠሩ 14 ሰዓታት ውስጥ መሆን ይኖርበታል። በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው ደንብ የቀኑ የመንዳት ጊዜ 9 ሰዓት ሲሆን፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ እስከ 10 ሰዓት ሊደርስ ይችላል። ከ4 ሰዓት ተኩል መንዳት በኋላም የ45 ደቂቃ ዕረፍት ግዴታ ነው። ለመቆጣጠሪያነት አውሮፓውያን ታኮግራፍ ሲጠቀሙ፣ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2017 ጀምሮ ከሞተሩ ጋር የተያያዘ ኤሌክትሮኒክ መዝገብ ግዴታ ሆኗል።

የአንድ አኃዝ ታማኝነት የሚመዘነው ባለፈባቸው ሦስት ደረጃዎች ነው። የመጀመሪያው ከመኪናው የሚገኘው መረጃ ነው። የመኪናው መንቀሳቀስ በመሣሪያው በራሱ ስለሚመዘገብ ይህ ክፍል ከሁሉ ይልቅ ይታመናል። በአሜሪካ ደንብም በዚህ መንገድ የተመዘገበን የመንዳት ጊዜ በኋላ ማሳጠር አይፈቀድም።

ሁለተኛው አሽከርካሪው በእጁ የሚያስገባው መረጃ ነው። መኪናው ሲቆም ሰውየው ተኝቶ ይሁን ጭነት ሲያራግፍ መሣሪያው ለይቶ ሊያውቅ አይችልም። አሽከርካሪው ስሙን ሳያስገባ ቢነዳ ጉዞው ባለቤት የሌለው ሆኖ ይመዘገባል፤ የሥራ ጉዞን «የግል ጉዞ» ብሎ ቢያስገባም ስሌቱ ይዛባል።

ሦስተኛው መረጃው ወደ ቢሮ የሚተላለፍበት መስመር ነው። ኔትወርክ በሌለበት ሥፍራ መሣሪያው መዝገቡን በውስጡ ያከማችና ግንኙነት ሲያገኝ ያስተላልፋል። መዝገቡ ባይጠፋም ስክሪኑ የሚያሳየው ያለፈውን ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ የስልክ ኩባንያዎች የሦስተኛውን ትውልድ የሞባይል ኔትወርክ ሲዘጉ፣ በዚያ መስመር ብቻ ይሠሩ የነበሩ መሣሪያዎች መለወጥ ወይም መሻሻል አስፈልጓቸዋል።

ለምሳሌ ያህል የአንድ አሽከርካሪ ቀሪ የመንዳት ጊዜ 3 ሰዓት ነው ተብሎ በስክሪኑ ላይ ይታያል እንበል። የመጨረሻው መልእክት የደረሰው ከ1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ በፊት ከሆነና አሽከርካሪው ሳያቋርጥ ከነዳ፣ በእርግጥ የቀረው 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ብቻ ነው። የ2 ሰዓት መንገድ ወደሚርቅ መጋዘን እንዲቀጥል ቢታዘዝ ከተፈቀደው በላይ 40 ደቂቃ ይነዳል ማለት ነው። ወረፋም እንዲሁ ሊያሳስት ይችላል። በመጋዘን በር ላይ የሚያልፈው ጊዜ ከ11ዱ የመንዳት ሰዓታት ባይቀነስም 14ቱን ሰዓታት ይበላል። በመሆኑም ገና 5 ሰዓት ሊነዳ ይችላል የተባለው ሰው በሕጉ የቀረው 2 ሰዓት ብቻ ሊሆን ይችላል።

መሣሪያው ሲበላሽም ሥራው በወረቀት መቀጠል አለበት። የአሜሪካ ደንብ አሽከርካሪው ብልሽቱን በ24 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ እንዲያስታውቅና መዝገቡን በወረቀት እንዲይዝ ሲያዝዝ፣ ድርጅቱ መሣሪያውን በ8 ቀን ውስጥ እንዲያስጠግን ወይም እንዲተካ ያስገድዳል።

የሌላ አገር ደንብ እንዳለ የሚቀዳ ባይሆንም፣ ከጅቡቲ ወደብ በጋላፊና በሚሌ በኩል ወደ ኮምቦልቻ እህል ለሚያጓጉዙ ክፍሎች ትምህርቱ ግልጽ ነው። ከቀሪው ሰዓት ጎን መልእክቱ የደረሰበት ሰዓት እንዲታይ ማድረግ፣ ኔትወርክ የማይደርስባቸውን የመንገድ ክፍሎች አስቀድሞ ለይቶ ማወቅ፣ የወረፋና የማራገፊያ ጊዜን ከሥራ ሰዓት ጋር መቁጠር፣ በየመኪናው የወረቀት ቅጽ ማስቀመጥ ተገቢ ነው። ከሁሉም በላይ አሽከርካሪው ደከመኝ ሲል፣ ስክሪኑ ሰዓት ይቀረዋል ስላለ ብቻ እንዲቀጥል ሊገደድ አይገባም። መሣሪያው ሰዓትን እንጂ ድካምን አይለካምና። አንድ ሌሊት ዘግይቶ የሚደርስ እህል ይደርሳል፤ ገደል የገባ መኪና ግን እህሉንም ሰውንም ያሳጣል።