የሰው ወርቅ አፄዎቹን ያደምቅ ይሆን?

ክረምት ገብቶ ሊጉ ሲዘጋ ኳስ አበቃ ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ ጎንደርን አያውቃትም ማለት ነው። ጨዋታው ከሜዳ ወደ ሻይ ቤት ይዛወራል እንጂ አይቆምም። ማን ይፈርማል? ማን ውሉን ያራዝማል? ማንስ ይሸኛል? ከፒያሳ እስከ አዘዞ፣ ዳባትና ደባርቅን አልፎ ሊማሊሞን ቁልቁል ወርደው እስከሚያገኟት ዛሪማ ድረስ የፋሲል ከነማ ደጋፊ ለአንድ ሰሞን አሰልጣኝም ሥራ አስኪያጅም ሆኖ ይከርማል።

ሙግቱ በየዓመቱ ሁለት ጎራ አለው። አንደኛው ወገን «ስም ያለው አጥቂ ይምጣልን፣ ዋንጫ በልምምድ ብቻ አይገኝም» ባይ ነው። ሁለተኛው ደግሞ «የኛ ልጆች እያሉ የምን ግዢ ነው፣ የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላል። ሁለቱም ክለቡን ከልብ ይወዳሉ፤ በዚህ አይታሙም። ነገር ግን ሁለቱም የሚከራከሩት ስለሚመጣው ሰው ነው። ስለሚሄደው ማን ይጠይቅ? ተጫዋቹ ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ ክለቡ በምትኩ ምን ይዞ ይቀራል? የዝውውር ሂሳብ ቁልፉ እዚህ ላይ ይመስለናል።

ዋንጫው የመጣው በግዢ ነው?

ለገዢዎቹ ወገን ፍርድ እንስጥ። ፋሲል በ2008 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ ገብቶ በ2011 የኢትዮጵያ ዋንጫን፣ በ2013 ደግሞ በአሰልጣኝ ሥዩም ከበደ እየተመራ በታሪኩ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ሲያነሳ ቡድኑ በመንደር ልጆች ብቻ የተሞላ አልነበረም። ግብ ጠባቂው ሚኬል ሳማኬ ከማሊ የመጣ ነው። ከፊት ሙጂብ ቃሲም፣ ከመሐል ሱራፌል ዳኛቸው፣ ከኋላ ያሬድ ባየህ የነበሩበት ስብስብ በምርጫ የተገነባ ነበር። ያውም ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ በተካሄደበት ዓመት፣ ፋሲለደስ ስታዲየም አንድ የሊግ ጨዋታ እንኳ ሳያስተናግድ! ስለዚህ ጥሩ ግዢ ዋንጫ ያመጣል። ይህንን መካድ ተገቢ አይደለም።

ችግሩ የመጣው ከዋንጫው በኋላ ነው። ሙጂብ በዚያው ክረምት ወደ አልጄሪያው ጄኤስ ካቢሊ አቀና። በ2014 አፄዎቹ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቀጥለው ሁለተኛ ሆነው ጨረሱ፤ ከዚያ አምበሉ ያሬድ ወደ ጎረቤቱ ባህር ዳር ከተማ ተሻገረ። ሱራፌልም በኋላ ወደ አሜሪካው ላውደን ዩናይትድ ሄደ። በ2014 እና በ2015 ዋንጫው የጊዮርጊስ፣ በ2016 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ በ2017 የኢትዮጵያ መድን ሆነ። ተጫዋች መሄዱ ኃጢአት አይደለም፣ እንጀራው ነው። ለክለቡ የሚቀረው ጥያቄ ግን በየተራ ለሄደው ሰው ሁሉ ተተኪው ከየት መጣ? የሚለው ነው።

አሜሪካኖቹ ሲለዋወጡ

በአሜሪካ ቅርጫት ኳስ አንድ ደንብ አለ፤ ክለብ ተጫዋቹን ለሌላ ክለብ ሰጥቶ በምላሹ ተጫዋች ወይም የወደፊት አዳዲስ ልጆችን የመምረጥ ተራ ይቀበላል። በጥር 2017 ዓ.ም. ዳላስ ማቭሪክስ ኮከቡን ሉካ ዶንቺችን ለሎስ አንጀለስ ሌከርስ አሳልፎ ሲሰጥ የዳላስ ደጋፊ አደባባይ ወጥቶ ጮኸ። የቡድኑ ዋና ሥራ አስኪያጅም በኅዳር 2018 ተሰናበተ። ልውውጡ መጥፎ ነበር ተባለ እንጂ ክለቡ ባዶ እጁን አልቀረም፤ አንቶኒ ዴቪስን፣ ሌላ ተጫዋችና የምርጫ ተራ ተቀብሏል።

በእግር ኳስ ግን ከ1995 እ.ኤ.አ. የቦስማን ፍርድ ወዲህ ነገሩ ሌላ ነው። ውሉ ያለቀ ተጫዋች ነጻ ሰው ነው፤ ለቀድሞ ክለቡ ሰባራ ሳንቲም ሳይከፈል ይሄዳል። እኛ አገር ደግሞ አጭር ውል መፈራረም የተለመደ ነው። የዓመት ውል የፈረመ አጥቂ ሃያ ጎል ቢያስቆጥር ተጠቃሚው ራሱና ቀጣዩ ክለቡ ነው። ክለቡ ደመወዝ ከፍሎ፣ አድምቆ፣ ለሌላ ድሮ አስረከበ ማለት ነው። በነሐሴ 2011 ክለቦች የወር ደመወዝ ጣሪያ 50 ሺህ ብር እንዲሆን ሲስማሙ ወጪው ይቀንሳል ተብሎ ነበር። በጎን ይከፈላል የሚለው ሐሜት ግን አልቆመም። ለነገሩ ጣሪያው ቢከበርም የውሉን እጥረት አያድንም።

ጅማን ያየ

የጅማ አባ ጅፋርን ታሪክ ማን ይረሳል? በ2010 ዓ.ም. ከታች አድጎ በመጣበት ዓመት ዋንጫውን ወሰደ። ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢም የሊጉ ኮከብ ጎል አስቆጣሪ ሆነ። ጅማ ጨፈረች። ከዚያ አሰልጣኙ ገብረመድህን ኃይሌ ሄዱ፣ ኮከቦቹም ተበተኑ፤ በ2014 ክለቡ ወረደ። በአራት ዓመት ውስጥ ከሰማይ ወደ ምድር! አሰልጣኙ ግን በ2011 ከመቀሌ 70 እንደርታ ጋር፣ በ2017 ከመድን ጋር ዋንጫ አንስተዋል። ኮከብ ፍለጋ ስንሯሯጥ ቡድን የሚሠራውን ሰው ማቆየት እንደምንዘነጋ ከዚህ በላይ ምን ያስረዳን?

ጎንደርም የራሷ ትምህርት አላት። ዳሽን ቢራ የፋብሪካ ገንዘብ ይዞ በፕሪሚየር ሊጉ ሲጫወት ቆይቶ በ2008 ወረደ፣ ከዚያም ክለቡ ፈረሰ። በዚያው ዓመት ፋሲል ባይወጣ ኖሮ ከተማዋ ያለ ሊግ ክለብ በቀረች ነበር። ፋሲልን እስከ ዛሬ ያቆየው ከብሩ ይልቅ ሕዝቡ ነው።

የዛሪማው ልጅስ?

እንግዲህ ወደ «የኛ ልጆች» ወገን እንምጣ። ሐሳቡ ያምራል፣ ግን ልጆቹን ማን ያያቸዋል? ዛሪማ ያለ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ጎበዝ ቢሆን ወደ ጎንደር የሚያደርሰው መንገድ ሊማሊሞ ብቻ አይደለም፤ መልማይ ያስፈልገዋል፣ ውድድር ያስፈልገዋል፣ ስሙን መዝግቦ የሚይዝለት ክለብ ያስፈልገዋል። አካባቢው ደግሞ ያሳለፈው ቀላል አይደለም። ዋንጫው ጎንደር በገባበት በ2013 ክረምት ጦርነቱ አዲ አርቃይና ዳባት ድረስ ደርሶ ነበር። ከ2015 ክረምት ወዲህም ክልሉ በሌላ ግጭት ውስጥ ገብቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ኳስ ለልጅ ጨዋታ ብቻ ሳይሆን ከቤቱ ርቆ እንዳይሰደድ የሚይዘው ነገር ሊሆን ይችላል።

ለክለቡም ጽድቅ ብቻ አይደለም፣ ገንዘብ አለው። በፊፋ ደንብ አንድ ተጫዋች በክፍያ ከአገር ወደ አገር ሲዛወር ከዝውውሩ ገንዘብ 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ዓመት ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላለው ደግሞ 0.5 በመቶ ነው። ፋሲል አንድን ልጅ ከ16 ጀምሮ ለአራት ዓመት ቢያሳድግና ልጁ አንድ ቀን በ1 ሚሊዮን ዶላር ቢሸጥ፣ ሻጩ ሌላ ክለብ ቢሆን እንኳ 20 ሺህ ዶላር ጎንደር ይገባል። ይህ የሚሆነው ግን ልጁ በስሙ፣ በዓመተ ምሕረቱ በትክክል ሲመዘገብ ነው። ያልተመዘገበ ልጅ ለክለቡ ያልተወለደ ልጅ ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል?

የኛ ሐሳብ ሁለቱን ጎራ የሚያስታርቅ ነው። አንድ፣ ግዢ ይኑር፣ ግን በየክረምቱ አሥርና አሥራ አምስት ሰው ከማግበስበስ ቡድኑ በትክክል የጎደለው ሁለት ሦስት ቦታ ይሸመት። ሁለት፣ ወጣት ተጫዋች የሦስት ዓመት ውል ይፈርም፤ ሊያልቅ አንድ ዓመት ሲቀረው ይራዘም ወይም ይሸጥ። ሦስት፣ ከዋናው ቡድን ውስጥ ለአራት አምስት የአካባቢው ልጆች ቦታ ተለይቶ ይያዝ፤ በመንገዱ ሰላም ልክ በደባርቅ፣ በዳባትና በዛሪማ የታዳጊ ውድድር ይደረግ። አራት፣ ለዝውውር የወጣው ብር ለደጋፊው ይነገር። በዝናብ በፀሐይ ተሰልፎ ትኬት የገዛ፣ ቡድኑን ተከትሎ አገር ያቋረጠ ሰው ይህን መጠየቅ መብቱ ነው።

ይህ ሁሉ ትዕግስት ይጠይቃል። በመጀመሪያው ዓመት ዋንጫ ላይመጣ ይችላል፤ ሁለት ጨዋታ በተከታታይ ሲሸነፍ «አሰልጣኙ ይውጣ» የሚለው ድምፅ መነሳቱም አይቀርም። ያኔ ቦርዱ ይፈራና እንደገና ስም ፍለጋ ይወጣል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ነው። ስለዚህ የዝውውሩ ሙግት ለቦርዱ ብቻ የሚተው አይደለም፤ ግማሹ የደጋፊው ነው።

በሚቀጥለው ክረምት «ማን መጣ?» ብላችሁ ስትጠይቁ አንድ ጥያቄ ጨምሩበት፦ ለስንት ዓመት ፈረመ? መልሱ «ለአንድ ዓመት» ከሆነ አፄዎቹ ተጫዋች ገዙ አትበሉ፤ ተከራዩ በሉ።