የተረፈ የሕመም ማስታገሻ ለሌላ ሰው አይሰጥም

በቤታችን ለታመመ ሰው ከታዘዘው መድኃኒት የተረፈውን ክኒን ለሌላው ማካፈል እንደ ቸርነት ይቈጠራል። ትራማዶል በሚባለው ማስታገሻ ግን ይህ ልማድ ነፍስ ሊያጠፋ ይችላል።

ትራማዶል የሞርፊን ወገን ነው፤ ነገር ግን ሞርፊን ከተክል ሲገኝ ይህ በኬሚስቶች ጥበብ የተቀመመ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1977 ዓ.ም. በጀርመን አገር ለገበያ ቀረበ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለሚሰማ ሕመምና ለካንሰር በሽተኛ ሐኪም ሲያዝዘው እጅግ ይጠቅማል።

ነገር ግን ጕበት መድኃኒቱን ወደ በረታ ነገር ይለውጠዋል፤ ለውጡም በአንዳንድ ሰው ላይ ፈጣን ስለ ሆነ ለአንዱ ልክ የሆነው የሌላውን ትንፋሽ ያዳክማል። ስለዚህ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤት በዚያው አቈጣጠር በ2017 ዓ.ም. ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ እንዳይሰጥ ከለከለ፤ የምታጠባ እናትም እንዳትወስደው መከረ። መጠኑ ሲያልፍ እንደሚጥል በሽታ ያንቀጠቅጣል፤ ከመጠጥ ወይም ከእንቅልፍ መድኃኒት ጋራ ሲገናኝም ትንፋሽን ሊያቆም ይችላል። ብዙ ቀን የወሰደ ሰው ሰውነቱ ስለሚለምደው፥ በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ይቀንሰው እንጂ በድንገት አያቁመው።

እንግዲህ እናቶችና አባቶች ሆይ፥ ክኒኑን ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ ቈልፉበት። መድኃኒቱን የወሰደ ሰው እንቅልፉ ከብዶ ትንፋሹ ዘግይቶ ብታዩ፥ እስኪነቃ ሳትጠብቁ ፈጥናችሁ ወደ ሐኪም ቤት አድርሱት።