ዲግሪና መዶሻ

በብዙ ክርስቲያን ቤት ግድግዳ ላይ የምረቃ ካባ የለበሰ ልጅ ፎቶግራፍ ተሰቅሎ ይታያል። ወላጆች ያላቸውን አሟጠው ያስተማሩት ይህ ልጅ ቢሮ ይገባል ሲባል መዶሻና መሮ ይዞ ቢገኝ፥ ቤተ ሰቡ እንደ ሐዘን የሚቈጥረው ስለ ምንድን ነው?

ጥያቄው በአገራችን ጎልቶ የወጣው ሕዝቡ ኮብልስቶን የሚለው የድንጋይ ንጣፍ በየከተማው በተስፋፋ ጊዜ ነው። ከዩኒቨርሲቲ የወጡ ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው ጠራቢና አንጣፊ ኾኑ፤ ብዙ ሰውም «ለዚህ ነው ወይ የተማሩት?» እያለ ተሳለቀባቸው።

በሒሳብ መዝገብ አያያዝ የተመረቀ አንድ ጎረቤቴ በ2004 ዓ.ም. ይህን ሥራ ሲጀምር፥ የሥራ ልብሱን በከረጢት ሸሽጎ ይወጣ ነበር። እናቱ ግን መዳፉ ውኃ መቋጠሩን አይተው ዐወቁበት፤ ያን ሌሊትም ሲያለቅሱ አደሩ። ድንጋዩ በየጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲኾን በእጅ ይጠረባል፤ ክፍያውም በተጠረበው ቍጥር ነው። ፍንጣሪው ዐይን ያጠፋል፥ ወገብም ይጐብጣል፤ ይህን አቃልሎ መናገር ሐሰት ይኾናል። በመጀመሪያው ዓመት ዘወትር «ቢሮ እስካገኝ ነው» ይል ነበር። ይህን ቃል ከተወ በኋላ ግን ሥራውን እንደ ሙያ ያዘው፤ ከጠረባ ወደ ንጣፍ ተሻገረ፤ የአሸዋውን አደላደልና የዝናብ ውኃ የሚወርድበትን ተዳፋት አጠባበቅ ተማረ። የማኅበሩን መዝገብም ተረከበ። ዋጋ ሳያሰሉ የተጫረቱ ማኅበሮች ከስረው ሲበተኑ የእርሱ ማኅበር ጸና።

የእጅ ሥራን መናቅ ከሃይማኖታችን የመጣ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ በገማልያል እግር ሥር የተማረ ሊቅ ሲኾን (የሐዋ. 22፥3)፥ በቆሮንቶስ ከአቂላ ጋር ድንኳን ይሰፋ ነበር (18፥3)። ከዚያም በኋላ የኤፌሶንን ሽማግሎች ሲሰናበት እጆቹን አሳይቶ፥ ራሱንም ባልንጀሮቹንም በእነዚያ እንደ ረዳ ነገራቸው (20፥34)። ዳግማዊ ምኒልክም ባለእጅን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ በ1900 ዓ.ም. አስነግረዋል። ዐዋጁ ግን በአደባባይ ተሰማ እንጂ በየጓዳችን የገባ አይመስለኝም።

ጎረቤቴ ሚስት ሊያጭ ሽማግሌ በላከ ጊዜ፥ ከሽማግሎቹ አንዱ «ሥራውን ቢጠይቁን የሒሳብ ሠራተኛ ነው ብንል አይሻልም?» አሉ። እናቱም፥ «የለም፤ ድንጋይ አንጣፊ ነው በሉልኝ፤ ወደ ቤታቸው የምትሄዱበትን መንገድም ያነጠፈው እርሱ ነው» ሲሉ መለሱ።