የሰው ወርቅ አያደምቅ፤ የሰው ቀሚስስ?

በዓል ሲቃረብ ከእንጦጦ ግርጌ ያለው የሽሮ ሜዳ ገበያ መተላለፊያ ያጣል። ልጅ ያዘለች እናት፣ የልጅ ልጃቸውን እጅ የያዙ አያት፣ ትከሻ ለትከሻ እየተጋፉ ከሱቅ ሱቅ ይዞራሉ። ጥለቱ ይታያል፣ ዋጋው ይጠየቃል፣ ቀሚሱ ከልጅቱ ጀርባ ላይ ይለካል። ከዚያም በየሱቁ የማትቀር አንዲት አባባል ትከተላለች፤ «ትንሽ ሰፋ ያለ ይሁንላት፣ ለከርሞም እንድትለብሰው።»

ከርሞ ሲመጣ ግን ልጅቱ ቀሚሱን አልፋው ሄዳለች። ቀሚሱ አንድ ቀን ተለብሶ፣ ታጥቦና ተጣጥፎ ሳጥን ውስጥ ቀርቷል። ቤት ውስጥ ታናሽ ከሌለች ደግሞ ተረካቢ የለውም።

ወላጅን መውቀስ አይቻልም፤ ልጅ ማደጉን አያቆምም። ሕፃን ሲወለድ ቁመቱ 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ዓመት ሲሞላው 75፣ ሁለት ዓመት ሲሞላው ደግሞ 87 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይደርሳል። በአውሮፓ የሕፃናት ልብስ ልክ የሚቆጠረው በዚሁ ቁመት ሲሆን በየ6 ሴንቲ ሜትሩ ይቀየራል፤ ከ50 ጀምሮ 56፣ 62 እያለ 86 ይደርሳል። በሁለት ዓመት ውስጥ ሰባት ልክ ማለት ነው።

የዘወትር ልብስ ቢያንስ በየቀኑ ስለሚለበስ ያወጣንበትን ይመልሳል። የክት ልብስ ግን ሌላ ነው። የክርስትና ልብስ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀኗ ለጥቂት ሰዓታት ትለብሰዋለች። የዒድ ልብስ፣ የልደት ቀሚስ፣ ሠርግ ላይ አበባ ለምትይዝ ልጅ የሚገዛው ነጭ ቀሚስ፣ ለአጸደ ሕፃናት ምረቃ የሚሰፋው ሱፍ ዕጣቸው ተመሳሳይ ነው።

የቀሚሱ ውኃ

የልብስ ዋጋ በብር ብቻ አይቆጠርም። ደብሊው ደብሊው ኤፍ የተባለው የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት በሰፊው ባሰራጨው ስሌት መሠረት፣ ጥጡን ከማልማት ጀምሮ አንድ የአዋቂ ካናቴራ ለመሥራት 2,700 ሊትር ገደማ ውኃ ያስፈልጋል። ውኃ በፈረቃ ለሚጠብቅ የጉለሌ ነዋሪ በጀሪካን ቢነገረው ይቀለዋል፤ ባለ 20 ሊትር 135 ጀሪካን ነው። የልጅ ልብስ ከዚህ ያንሳል፤ ግን ብዛቱ ያካክሰዋል።

ጥጥ ያልሆነው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ፖሊስተር የሚሠራው ከነዳጅ ዘይት ስለሆነ እንደ ጥጥ ቶሎ አይበሰብስም፤ በታጠበ ቁጥርም በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ክሮች ከውኃው ጋር ይለቃል። ከእንጦጦ የሚወርዱት የቀበናና የቀጨኔ ወንዞች ወደ አቃቂ፣ አቃቂም ወደ አዋሽ ይገባሉ። ከእኛ ሰፈር ወንዝ የገባ ጨርቅ፣ ጥጥ በመስኖ ወደሚለማበት አዋሽ የሚጓዝበት መንገድ አለው ማለት ነው።

የተጣለ ነገር ሁሉ የሆነ ቦታ እንደሚከመር አዲስ አበባ በመራራ መንገድ ተምራለች። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሕይወታቸው አልፏል። ያ ክምር የሁላችንም ቤት ጥራጊ ነበር።

ኪራይ ለእኛ እንግዳ አይደለም

የሙሽራ ቬሎ፣ ካባና ሱፍ መከራየት ለአዲስ አበባ ሰው የተለመደ ነው። የምረቃ ጋዋንም ተለብሶ ይመለሳል። ከዚያም በላይ እድር አለ። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ የአንድ ሰው አይደለም፤ ደስታም ሐዘንም ለገጠመው በየተራ ይወጣል። እያንዳንዱ ቤት የራሱን ድንኳን ይግዛ ቢባል ማን ይችለዋል? ታዲያ ለአንድ ቀን የሚለበስ የልጅ ልብስ ለምን ከዚህ ይለያል?

በውጭው ዓለም ነገሩ ንግድ ሆኗል። ለምሳሌ በእንግሊዝ ወላጆች በወር እየከፈሉ የሕፃን ልብስ ይከራያሉ፤ ልጁ ሲያልፈው መልሰው ተለቅ ያለውን ይወስዳሉ።

ይሁንና ኪራይ ሁልጊዜ ለአካባቢ ይበጃል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የፊንላንድ ተመራማሪዎች የአንድ ጂንስ ሱሪን ዕጣ በአምስት መንገድ አነጻጽረው ነበር። ከሁሉ የተሻለው ያለንን ረጅም ጊዜ መልበስ ሆኖ ተገኘ። ኪራይ ከሁሉ የባሰ ጭስ ያመጣ ሆነ። ምክንያቱ ልብሱን ለማምጣትና ለመመለስ በመኪና የሚደረገው ምልልስ ነበር።

ለጉለሌ ሰው ይህ ተስፋ የሚሰጥ ዜና ነው። ከሽሮ ሜዳ፣ ከቀጨኔ ወይም ከእንጦጦ መንገድ ዳር ለሚኖር ቤተሰብ የልብሱ ገበያ በእግር የሚደረስበት ነው። ኪራዩ እዚያው ሰፈር ውስጥ ከሆነ የሚጨስ መኪና የለም። ልብሱን ፍለጋ ከተማ የሚያቋርጥ ግን ትርፉን መንገድ ላይ ያፈስሰዋል።

ሸማኔውስ?

ሽሮ ሜዳ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ አካባቢ የመጡ ሸማኔዎች ለትውልድ የኖሩበት ሰፈር ነው። ሁሉም ቢከራይ እነሱ ምን ይበላሉ? ጥያቄው ተገቢ ነው።

የዛሬው የሸማኔ ተፎካካሪ ግን ኪራይ ሳይሆን ጥለት በማሽን የታተመበት ርካሽ ጨርቅ ነው። የእጅ ሥራው ዋጋ ያስፈራት እናት፣ ልጇ ባዶዋን እንዳትቀር ስትል የታተመውን ትገዛለች። የእጅ ሸማው በኪራይ ቢቀርብላት ግን አቅሟ ይፈቅዳል። አከራዩም ብዙ ልጅ የሚለብሰውን ስለሚፈልግ ጠንካራና በደንብ የተሸመነውን መምረጡ ይጠቅመዋል። ኪራይ የታተመውን ካስቀረ ሸማኔውም አካባቢውም ይጠቀማሉ፤ የሸማኔውን ሥራ ብቻ ከተካ ግን ሸማኔው ይጎዳል። ስንከራይ የእጅ ሸማ እንጠይቅ የምንለው ለዚህ ነው።

አያቶች የሚሉት

«የሌላ ልጅ ላብ፣ የሌላ ልጅ በሽታ» የሚል ስጋት ይነሳል። በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። የእከክ ተባይ ከሰው ገላ ከወጣ ከሁለትና ሦስት ቀን በላይ አይቆይም፤ ስለዚህ ልብሱን ታስሮ በተዘጋ ፌስታል ለአንድ ሳምንት ማቆየት ወይም ጨርቁ ከቻለ በሙቅ ውኃ ማጠብ ይጠቅማል። ደግሞስ አራስ ልጅን በለሰለሰ አሮጌ ነጠላ መጠቅለልን ያስተማሩን እነዚያው አያቶች አይደሉ?

ከመከራየትዎ በፊት አራት ነገር ይጠይቁ፤ መያዣው ስንት ነው? የሚያጥበው ማን ነው? ወጥ ቢፈስበት ወይም ቢቀደድ ምን ይሆናል? በስንት ቀን ይመለሳል? ቀሚሱን ሲረከቡ ጠርዙንና ስፌቱን ብርሃን ላይ አይተው ይውሰዱ።

አከራይ በአቅራቢያዎ ከሌለ ደግሞ ስድስትና ሰባት እናቶች ሆናችሁ መጀመር ትችላላችሁ። በየልኩ አንዳንድ ጥሩ የክት ልብስ አዋጥቶ መግዛት፣ እንደ እድር ዕቃ መዝግቦ ማስቀመጥ፣ በተራ ማውጣት በቂ ነው። የዘወትሩ ልብስ እንደ ጥንቱ ከታላቅ ለታናሽ፣ ከጎረቤት ለጎረቤት ይለፍ።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው ተረት ለአዋቂ ሊሠራ ይችላል። የአምስት ዓመት ልጅ ግን ቀሚሷን ስታሽከረክር የማን እንደሆነ አታስብም። ለከርሞ ሌላዋ ልጅ ታሽከረክረዋለች፤ የእኛዋ ደግሞ ልኳ የሆነውን ለብሳ ከጎኗ ትቆማለች።